ባዶውን የተመለሰ ሳህን

ባለፈው ነሐሴ አሶሳ የሄድኩት የእናቴን ቤት ባዶ ለማድረግ ነበር። ቤቱ ተሽጧል፤ እሷ ታናሽ ወንድሜ ጋ ልትገባ ነው፤ ገዢው ደግሞ ዓመቱ ሳያልቅ ቁልፉን ይፈልጋል። ሃያ ምናምን ዓመት የተከማቸ ዕቃ በአራት ቀን ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። እናቴ በረንዳ ላይ ወንበር አስወጥታ ታዛለች፣ እኔ አቧራ እቅማለሁ። በሁለተኛው ቀን የወጥ ቤቱን መደርደሪያ ከግድግዳው ስስበው የደረቀ ባሚያ ሽታ ሰነፈጠኝ። ለማያውቀው ሰው የሞተ አይጥ ነው የሚመስለው። ከኋላ ከወደቀው የባሚያ ፌስታል አጠገብ አንድ የእኛ ያልሆነ ሳህን ነበር። አውጥቼ ሳሳያት የጎረቤት መሆኑን ነገረችኝና ወዲህ በይው አለችኝ፤ ባዶውን አይሄድም።

ዕድሜ ልኳን እንዲህ ናት። የሰው ዕቃ ባዶውን እንደማይመለስ የማያውቅ የለም፣ እናቴ ግን ነገሩን ታከረዋለች። አንድ ጣሳ ጨው ተበድራ ስትመልስ ጨዉን ሞልታ ላዩ ላይ እንቁላል ታስቀምጣለች። እኔ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ የሰው ሳህን ባዶውን መልሻለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ባምባሲ ነበርን፤ ክረምት ነበር።

አባቴ በልጅነቱ ከወሎ በሰፈራ የመጣ ሰው ነው። ከሰፈራ መንደሩ ወጥቶ ባምባሲ ሲገባ በእጁ ከአንድ መጥረቢያ በቀር ምንም አልነበረውም። የአገሩ ተወላጅ የሆኑ ጋሽ ሐሚድ የሚባሉ የበርታ ሰው ናቸው ከእርሻቸው ጫፍ በእግራቸው ለክተው እዚህ ጋ ቤት ሥራ ያሉት። ለግድግዳው የሚሆነውን ሽመልም ከራሳቸው ቦታ አስቆርጠውለታል። ይሄ ሁሉ እኔ ሳልወለድ ነው። በኋላ ጋሽ ሐሚድ ሞቱ፤ እርሻው ከተማ ሆነ፤ ቀበሌው ለአባቴ በስሙ የይዞታ ወረቀት ሰጠው፤ ነገሩ አለቀ። ለአባቴ አለቀ ማለቴ ነው። ለእናቴ አላለቀም፤ ምክንያቱም የጋሽ ሐሚድ ሚስት እማማ ሃዋ ከአጥራችን ማዶ ነበሩ።

ያን ክረምት አባቴ አሶሳ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የዕቃ ክፍል ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረና ቤቱን ከመንዲ ለመጣ ነጋዴ ሸጠው። አዲሱ ዓመት ከመግባቱ በፊት ልንለቅ ተስማሙ። ነጋዴው ግቢውን ሊያይ በመጣ ቀን እማማ ሃዋ አጥሩ አጠገብ ቆመው ሲያዩ አይቻቸዋለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ እኛ ግቢ መምጣት ተዉ። አልተቆጡም፣ አልወቀሱም፣ ምንም አላሉም። እናቴን እንቅልፍ የነሳት እሱ ነበር።

መሬቱን ሐላል ይሁንላችሁ ሳይሉን ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም አለች። አባቴ ወረቀቱን ከሳንዱቅ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው።

«መሬት የመንግሥት ነው፤ ቤቱ የእኔ ነው። ሐላል የሚሉሽ ምኑን ነው?»

«ጋሽ ሐሚድ እዚህ ጋ ሥራ ሲሉህ መንግሥት አጠገብህ ቆሞ ነበር?» አለችው እናቴ።

አባቴ ወረቀቱን አጠፈና ወጣ። ሄዳችሁ ጠይቋቸው ቢባል ሁለቱም አይሄዱም። እሱ ኩሩ ነው፤ እሷ ደግሞ ፊት ለፊት አይሆንም ብትባል ምን እንደምትሆን ስለምታውቅ ፈራች። እኔ ከዚህ ሁሉ የገባኝ አንድ ነገር ነው። እማማ ሃዋ እምቢ ካሉ አንሄድም። መሬቱን እንደ ብርድ ልብስ ከሥራችን ስበው የሚወስዱት አድርጌ ነበር የማስበው፤ ቢስቡትም እኛ እዚያው አጠገባቸው የምንቀር ይመስለኝ ነበር። ሲስቡት የት እንደምንቆም አላሰብኩበትም።

እኔ ደግሞ መሄድ አልፈልግም ነበር። የማልፈልገውም በእሳቸው ምክንያት ነው። እማማ ሃዋ ሴት ልጅ አልነበራቸውም። ሦስቱ ወንዶች ልጆቻቸው ወርቅ ፍለጋ ወደ ኩርሙክ በኩል ሄደው በዓመት አንዴ ብቅ ቢሉ ነው። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የምገባው እሳቸው ጋ ነበር፤ የማሽላ ገንፎ በባሚያ በልቼ ነው ወደ ቤቴ የማልፈው። አማርኛ የለመዱት ካደጉ በኋላ ነውና በእሳቸው አማርኛ ሴት የሚባል ነገር የለም፤ እኔም፣ እናቴም፣ የምትፈለፍለው ዶሮም «አንተ» ነበርን። ባሚያ ሲከትፉ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እከትፋለሁ፤ እጄን ሲያሳክከኝ ዘይት ቀብተው ያሹልኛል፤ ስንጨርስ የከተፍኩትን ለብቻ ያሰጡታል። ይሄ የእኔ ነው ብዬ የምጠብቀው ነገር በዚያ ዕድሜዬ ሌላ አልነበረኝም።

ማራገፉ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ተጀመረ። እናቴ ዕቃውን በሦስት ከፈለችው፤ የሚሄድ፣ የሚሰጥ፣ የሚጣል። አባቴ ዞር ስትል ከሚጣለው እያነሳ ወደሚሄደው ይመልሳል። ሆድ ዕቃው የወጣ ራዲዮ፣ ጓደኛ የሌለው ቦቲ ጫማ፣ እጀታ የሌለው አካፋ፣ አካፋ የሌለው እጀታ፣ ሁሉም ይጠቅማል። ሲጣሉ እኔ መሃል ገብቼ ራዲዮውን ወደ ጎረቤት በር ይዤው እዞራለሁ፤ ለመስጠት ነው እላለሁ፣ ግን ማንም አይቀበለኝም።

ቀስ በቀስ አራተኛ ክምር መጣ። ከአልጋ ሥር፣ ከበር ኋላ፣ ከቆጥ ላይ የሚወጣው ዕቃ ብዙው የእኛ አልነበረም። የአደ ጫልቱ ወንፊት፤ አደ ጫልቱ የሚሏት ከወለጋ የመጣች ጎረቤታችን ናት። የአንድ ለቅሶ ቤት ጭልፋ። የማን እንደሆነ ማንም የማያውቀው ጆግ። የመስጊዱ ትልቅ ድስት ክዳን ሳይቀር እኛ ቤት ተገኘ፤ ክዳኑ ጠፍቶ ኢማሙ ሁለት ረመዳን ድስቱን በትሪ ሲከድኑት ኖረዋል። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማ አየችው። ቀጥላ ሁሉንም አጠበችና መሙላት ጀመረች። ወንፊቱን በአተር፣ ጆጉን በምስር፣ የመስጊዱን ክዳን ገልብጣ በተምር። አድራሹ እኔ ነበርኩ።

የባምባሲ ሰው ደግሞ የሚሸነፍ አይደለም። እኛ ልንለቅ ነው ሲባል እሱም የእኛን ዕቃ ከየጓዳው መፈለግ ያዘ፤ ያገኘውን ሞልቶ ይልካል። አደ ጫልቱ ማንቆርቆሪያችንን ወተት ሞልታ መጣች፤ በሌላው እጇ ቅቤ በራሷ ስኒ ይዛለች። ስኒዋ እኛ ቤት ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ስኒው ተሞልቶ ይመለሳል። በጭቃው ላይ ከቤት ቤት ስመላለስ ነሐሴ ተጋመሰ፤ ቤታችን መጉደሉ ቀርቶ እየሞላ ሄደ። አባቴ አንድ ቀን ከሥራ ሲገባ የሚረግጥበት አጥቶ በር ላይ ቆመ፤ ልንሄድ ነው ወይስ ሱቅ ልንከፍት ነው ብሎ ጠየቀ። እናቴ ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው።

እኔ ደስተኛ ነበርኩ። ዕቃው በሄደና በመጣ ቁጥር ሥራው የማያልቅ፣ ሥራው ካላለቀ ደግሞ መኪናው የማይመጣ መሰለኝ። ያቺን የቅቤ ስኒ ሳደርስ አደ ጫልቱን የሚመለስ ሌላ ዕቃ እንዳላት እጠይቃት ነበር። ልመና የለመድኩ መስሏት ለእናቴ ከሰሰችኝ።

ግን አለቀ። አንድ ቀን ጠዋት አራተኛው ክምር ላይ የእማማ ሃዋ ሳህን ብቻ ቀረ። ከሱዳን የመጣ፣ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ፣ መሃሉ ላይ ቀይ አበባ ያለበት ጎድጓዳ ሳህን ነው። እናቴ ሆን ብላ ነው ለመጨረሻ ያቆየችው። ያን ቀን ከጠዋት እስከ አስር ሰዓት ዳቦ ቆሎ ሠራች፤ የአደ ጫልቱን ቅቤ አፍስሳበት፣ በርበሬውን ለብቻ ነፍታ፣ እንደ አገሯ አድርጋ አንድ በአንድ ቆርጣ። ሰፈሩ ውስጥ ሌላ የሚሠራው አልነበረም። ሳህኑን እስኪቆለል ሞልታ በነጭ ጨርቅ ቋጠረችና ፊቴን በመዳፏ ያዘችው።

«ምንም አትበይ ሆዴ። ሳህኑን ብቻ ስጪያቸው። እሳቸው ይገባቸዋል» አለችኝ።

ነገሩ ግልጽ ነበር። እማማ ሃዋ ሳህኑን አይተው ደስ ካላቸው ብቅ ይላሉ ወይም ይልኩባታል፤ እሷም ሄዳ እግራቸው ሥር ተቀምጣ ሐላሉን ትጠይቃለች። ከዚያ እንሄዳለን። ይሄን ሁሉ በእጄ ይዤ ከበር ወጣሁ።

በሁለቱ ግቢ መሃል አንድ ማንጎ አለ። ሥሩ ተቀመጥኩና ጨርቁን ፈታሁት። መጀመሪያ ልቀምስ ብቻ ነበር፤ ልጅ ነኝና እንዲያ ብዬ ነበር ለራሴ። ግን ውሸት ነው። ከበራችን ስወጣ ጀምሮ ማድረስ እንደማልፈልግ አውቄዋለሁ። ባዶ ሳህን ሲያዩ ይቆጣሉ፣ ሲቆጡ እምቢ ይላሉ፣ እምቢ ሲሉ እንቀራለን። ሒሳቡ ለእኔ ንጹሕ ነበር። ሆዴ እስኪነፋ በላሁ። የቀረውን ለፍየሎች በተንኩት፤ ፍየል ዳቦ ቆሎ እንደሚወድ ያን ቀን አወቅሁ። ሳህኑን በጨርቁ ወለወልኩና ዓይኔን በጨው አጥቤ ገባሁ።

እማማ ሃዋ ደጃቸው ላይ ነበሩ። ሳህኑን ተቀበሉኝ፣ ጨርቁን ገለጡ። ውስጡን አዩት። ቀጥለው እኔን አዩኝ።

«ይሄ እናትህ ነው የላከ?»

«አዎ» አልኩ።

«ሌላ ምን አለ?»

«ምንም።»

ንጹሑን ሳህን በመዳፋቸው አንድ ጊዜ ጠረጉትና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «ጠይብ» አሉ። እሺ ሲሉ ነው እንዲያ የሚሉት። እኔ ቁጣ ነበር የጠበቅሁት፤ ግንባራቸው ላይ እየፈለግሁ ቆምኩ። እሳቸው ግን ተነስተው እንደ ሁልጊዜው ገንፎውን አወጡና ከፊቴ አኖሩት፤ ብላ አሉኝ። መብላት አልቻልኩም። ዳቦ ቆሎው ጉሮሮዬ ድረስ ነበር። አንድ ጊዜ ቆርሼ አፌ አደረስኩና መለስኩት።

እማማ ሃዋ እጄን ሲያዩ ቆዩ። ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«እንዳትበላ አለህ? እናትህ?»

ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። አይደለም ብል ለምን አትበላም ሊሉኝ ነው፤ እውነቱን ብናገር የሳህኑ ነገር ሊወጣ ነው። አፍሬም ነበር፤ ፈርቼም ነበር። አንገቴን ደፋሁ፣ እሳቸው ደግሞ አንገቴን መድፋቴን አዎ አድርገው ያዙት። ገንፎውን አነሱና ወደ ውስጥ ገቡ። እስክሄድ ድረስም አልወጡም።

እናቴ በር ላይ ስትጠብቀኝ አገኘኋት፤ ምን አሉሽ አለችኝ። ጠይብ አሉ አልኳት። ይሄኛው እውነት ነበር። ፊቷ በራ፤ ቃሉን ሁለቴ አስደገመችኝ።

በማግስቱ ጠዋት በራችን ላይ አንድ ባልዲ ተቀምጦ አገኘን። የእኛው ሰማያዊ ባልዲ ነው፤ መቼ እንደተዋሱት እንኳ እናቴ አታስታውስም። እስከ አፉ የተፈለፈለ ኦቾሎኒ ተሞልቷል፤ ላዩ ላይ የእኛ ማንኪያ፣ የእኛ ወንፊት፣ አንድ ጊዜ ረስቼው የመጣሁት የእኔ ነጠላ ጫማ ሳይቀር ታጥቦ ተደርድሯል። በእማማ ሃዋ ቤት የእኛ የሚባል ነገር አንድ አልቀረም። እኔ ግራ ገባኝ፤ የተቆጣ ሰው ኦቾሎኒ ይልካል ብዬ አላስብም ነበር። እናቴ ባልዲው ፊት ተንበርክካ አለቀሰች፣ በደስታ። ለአባቴ ብዬህ አልነበር አለችው። ስንት ዓመት ሙሉ የተጠራቀመውን የእኛን ዕቃ ለቅመው ማውጣታቸው ሒሳብ መዝጋት እንደሆነ አንዳችንም አላየንም። ከሦስታችን ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ የላክሁትን የማውቀው እኔ ነኝ።

እናቴ ያን ቀን ተጣጥባ፣ ንጹሕ ሻሽ አስራ ሄደች። የእማማ ሃዋ በር በውጭ ተቆልፏል። ሸርቆሌ ዘመድ ጋ ሄደው ይሆናል አለቻት አደ ጫልቱ። ማታ ሄደች፣ ቁልፍ። በነጋታውም ቁልፍ። አንድ ሳምንት ሙሉ በቀን ሁለቴ ያን ቁልፍ እየነካች ተመለሰች። እኔ ደግሞ አንድ ሳምንት ሙሉ ልነግራት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ነገሩ የተበላሸው በእኔ እንደሆነ ገብቶኛል፤ እንዲያም ሆኖ እንደማንቀር ገብቶኛል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ለመሸከም አቅም አልነበረኝም።

ጳጉሜን ላይ አይሱዙው መጣ። ሰፈሩ ተሰብስቦ ጫነልን። ዕቃው አልቆ፣ አባቴ ጋቢና ገብቶ፣ ሹፌሩ ሞተር አስነስቶ እናቴ መሬት ላይ ቆማ የእማማ ሃዋን በር ታያለች። አባቴ ጠራት፤ አልሰማችም። ቀስ ብላ ወደ እኔ መጣች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ያን ቀን ሌላ ምንም አላሉሽም? እስቲ አስታውሺ ማሬ። ስለ መሬቱ ምንም አላሉም?»

መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ሁሉ ቆሟል። እናቴን እንዲያ ስትለምን አይቻት አላውቅም። እንድታቆም ፈለግሁ፣ ሌላ ምንም አላሰብኩም።

«ሐላል ነው አሉ» አልኳት። «እጃቸውን ዘርግተው ዱአ አደረጉልን።»

«ለምን እስካሁን አልነገርሽኝም?»

«ረስቼው።»

ይዛ ሳመችኝ። ግንባሬን፣ ዓይኔን፣ ሁለቱንም እጄን ሳመችኝ። ዞራ ለአደ ጫልቱ ነገረቻት፣ ለቆመው ሰው ሁሉ ነገረች። ጋቢና ውስጥ ስትገባም ለአባቴ ስትነግረው ይሰማኛል፤ ሰውነቷ ሁሉ ቀሎ ነበር።

እኔን ከጫኞቹ ጋር ከፍራሾቹ አናት ላይ አወጡኝ። መኪናው በእማማ ሃዋ አጥር ጥግ ሲዞር፣ ከላይ ሆኜ ከሽመል አጥሩ በላይ ግቢያቸውን ቁልቁል አየሁት። ሸርቆሌ አልሄዱም። በጓሮ በር ነው ሲገቡ የሰነበቱት። ዱካ ላይ ተቀምጠው ባሚያ እየከተፉ ነበር፣ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው። የመኪናውን ድምፅ ሲሰሙ ቢላዋው ቆመ፤ አልዞሩም። እስክናልፍ ድረስ ቢላዋው እንደቆመ ነበር።

እናቴ ከጋቢናው መስኮት አንገቷን አውጥታ ወደ ላይ ጮኸች። ሰዓዳ፣ ከላይ ይታይሻል፣ እማማ ሃዋ መጥተዋል ወይ አለችኝ።

«በሩ ዝግ ነው» አልኳት።